ራስ ደጀን ላይ ግግር በረዶ ለምን የለም?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ጥር ላይ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች ልንሄድ ነው። ከተሳካልን ራስ ደጀን ጫፍ ድረስ እንወጣለን። አንዱ ጓደኛችን ‹ኪሊማንጃሮ ላይ ዓመቱን ሙሉ በረዶ አለ፤ ራስ ደጀንም ላይ አለ› ይላል። ሌላው ደግሞ ‹ኢትዮጵያ ሞቃት አገር ናት፣ የምን በረዶ ነው የምታወራው› ይለዋል። ማን ነው ልክ? ደግሞስ ተራራ ስትወጣ ወደ ፀሐይ ትቀርባለህ፤ ታዲያ ለምን ይበርዳል?»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ራስ ደጀን ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ በረዶ የለም። ይሁን እንጂ በረዶ አያውቀውም ማለት አይደለም። ክረምት ላይ ጫፉ አልፎ አልፎ ነጭ ይለብሳል፤ ፀሐይ ስትወጣበት ወይም ጥቂት ቀን ቆይቶ ይቀልጣል። ስለዚህ ሁለቱም ጓደኞችህ ተሳስተዋል። ለምን እንደሆነ ማወቁ ግን ክርክሩን ከመፍታት በላይ ይጠቅማችኋል፤ ሌሊቱን የምታሳልፉት እዚያው ተራራ ላይ ነውና።

ከመቀጠሌ በፊት ሦስት ነገሮችን ልለይ። ጠጠር በረዶ የምለው ከዝናብ ጋር ጣሪያ እየደበደበ የሚወርደውን ነው። አመዳይ የምለው በቀስታ ወርዶ መሬት ላይ የሚነጠፈውን ነው። ውርጭ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም፤ ሌሊት መሬትና ሣር ላይ የሚጋገረው ነው። ሰሜን ተራሮች ላይ ሦስቱም አሉ። የሌለው ግግር በረዶ ነው። ግግር በረዶ ማለት ከዓመት ዓመት ሳይቀልጥ እየተደራረበ፣ በራሱ ክብደት እየተጨመቀ፣ ቀስ እያለ ወደ ታች የሚንሸራተት ግዙፍ የበረዶ ክምር ነው።

አሁን ወደ ፀሐይዋ እንምጣ። ከምድር እስከ ፀሐይ ያለው ርቀት ወደ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ራስ ደጀን አራት ኪሎ ሜትር ተኩል ወደ ላይ ቢያወጣህ ከዚህ ርቀት አንጻር ከቁጥር አይገባም። እንዲያውም አንድ የሚገርም ነገር ልንገርህ። ምድር በዓመት ውስጥ ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው ገና ሰሞን ነው፤ በታኅሣሥ የመጨረሻው ሳምንት ላይ። ከሰኔ መጨረሻ ጋር ሲነጻጸር 5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ትቀርባለች። ሰሜን ላይ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ድረስ የሚዘልቀው ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን ነው። ስለዚህ የፀሐይን ቅርበት እርሳው።

ቁም ነገሩ አየሩ ላይ ነው። ፀሐይ አየሩን በቀጥታ ብዙም አታሞቀውም። የምታሞቀው መሬቱን ነው፤ መሬቱ ደግሞ የነካውን አየር ያሞቃል። የሞቀው አየር ወደ ላይ ይወጣል። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ከበላዩ የሚጫነው አየር እየቀነሰ ስለሚሄድ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ይቀዘቅዛል። የመኪና ጎማ ስታስተነፍስ ከቫልቩ የሚወጣው አየር ጣትህን እንደሚያቀዘቅዘው ማለት ነው። ደረቅ አየር በየ100 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። እርጥበት ያለው አየር ግን እንፋሎቱ ወደ ደመና ሲለወጥ ሙቀት ስለሚለቅ ቅዝቃዜው ዝግ ይላል። በአማካይ በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል ብለህ ብትይዝ አትሳሳትም።

አሁን ይህችን ቁጥር ይዘን ራስ ደጀን ጫፍ ድረስ እንውጣ። መነሻችን ግጭ ይሁን። ግጭ 3,600 ሜትር ላይ ያለ የካምፕ ቦታ ነው፤ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ወደ 8 ዲግሪ ይጠጋል። ከዚያ እስከ ራስ ደጀን ጫፍ 950 ሜትር ያህል ይቀራል። 950 ሜትር ሲባል 5.7 ዲግሪ መቀነስ ነው። ከ8 ሲነሳ 2 ዲግሪ ከምናምን ይቀራል። በቃ፣ የጥያቄህ መልስ እዚህ ላይ አለ። ጫፉ ላይ እንኳ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በላይ ነው። በዚሁ ስሌት ወደ ዜሮ ለመድረስ 4,900 ሜትር ገደማ መውጣት ያስፈልጋል። ራስ ደጀን ከዚያ ከፍታ በ350 ሜትር ያህል ያንሳል።

ኪሊማንጃሮ 5,895 ሜትር ነው። ኬንያ ተራራ 5,199 ሜትር፣ በኡጋንዳና በኮንጎ ድንበር ላይ ያለው ሩዌንዞሪ ደግሞ 5,109 ሜትር ነው። በአፍሪካ ግግር በረዶ ያላቸው ተራሮች እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም ከ5,000 ሜትር በላይ ናቸው። ሦስቱም ከእኛ ይልቅ ለምድር ወገብ የቀረቡ ናቸው። ራስ ደጀን ከምድር ወገብ 13 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ነው፤ ኪሊማንጃሮ 3 ዲግሪ ብቻ ወደ ደቡብ። ለምድር ወገብ የቀረበው በረዶ አለው፣ የራቀው የለውም። የበረዶውን ነገር የወሰነው ከፍታው ነው።

ጓደኛህ ኪሊማንጃሮን ምሳሌ አድርጎ ሲከራከር ግን አንድ ነገር ጨምርለት። እዚያ ያለው በረዶ ራሱ እያለቀ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1912 ከተለካው የበረዶ ስፋት ውስጥ እስከ 2007 ድረስ 85 በመቶው ጠፍቷል። የቀረው ካለፈ ዘመን የተረፈ ቅሪት ነው እንጂ ዛሬ በአዲስ መልክ የሚሠራ አይደለም። ይህን ስጽፍ ልቤ ያዝናል። ልጆቻችን ኪሊማንጃሮን በነጭ ቆቡ የሚያዩት በፎቶ ብቻ ሊሆን ይችላል።

የራስ ደጀን ከፍታ ነገርም ሳያደናግርህ አይቀርም። ትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ብለህ ተምረህ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ነው የተማርኩት። ይህ ቁጥር በድሮ መጻሕፍትና ካርታዎች ላይ ለረጅም ጊዜ የቆየ ነው። አሁን የሚሠራበት ልኬት ከ4,530 እስከ 4,550 ሜትር መካከል ነው። ልዩነቱ ከሰባ እስከ ዘጠና ሜትር ነው። ለበረዶው ጉዳይ ግን ለውጥ የለውም፤ 4,620 ቢሆንም አይበቃውም ነበር።

አማካይ ሙቀት ብቻውን ግን ሁሉን አይናገርም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በረዶ እንዲጠራቀም ብርድና እርጥበት በአንድ ጊዜ መገናኘት አለባቸው። ሰሜን ላይ ደግሞ ሁለቱ ይተላለፋሉ። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይጠቃለላል። ግጭ አካባቢ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይዘንባል፤ ከዚያ ውስጥ ትልቁ ድርሻ የክረምት ነው። ክረምት ላይ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ይውላል፣ ያድራል። ደመናው ቀን ፀሐይን ይከለክላል፤ ሌሊት ደግሞ መሬቱ የያዘው ሙቀት አምልጦ ወደ ጠፈር እንዳይሄድ ይመልሰዋል። ስለዚህ የክረምት ቀን ቀዝቃዛ ነው፤ የክረምት ሌሊት ግን የፈራኸውን ያህል አይደለም።

በጋ ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ደመናው ይበተናል። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ይላል፣ አየሩ ስስና ደረቅ ነው፤ መሬቱ ቀን የሰበሰበው ሙቀት ያለ ከልካይ ያመልጣል። ከዜሮ በታች የሚወርደው ያኔ ነው። ግን የሚወርድ ነገር የለም፤ ዝናቡ አልፏል። ብርዱ ሲመጣ እርጥበቱ የለም፤ እርጥበቱ ሲመጣ ብርዱ ይለዝባል። ክረምት ላይ የወረደችውን ጥቂት አመዳይም ቢሆን የጥቅምትና የኅዳር ፀሐይ አትምራትም።

ታሪክም የሚለው አለ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ ቀይ ባሕር ዳር አዱሊስ ላይ አንድ በግሪክኛ የተቀረጸ የድል ጽሑፍ አግኝቶ ገልብጦታል። ጽሑፉ የአንድ የአክሱም ንጉሥ ነው፤ የንጉሡ ስም አልተረፈም። ንጉሡ ያስገበራቸውን ሕዝቦች ሲዘረዝር ሰሜን ላይ ይደርሳል። ከወንዙ ማዶ ለመድረስ በሚያስቸግሩ፣ በረዶ በለበሱ ተራሮች ላይ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው ይላል። ሁልጊዜ ቁርና ውርጭ እንዳለ፣ በረዶውም ሰውን እስከ ጉልበት እንደሚያሰጥም ይናገራል። ወንዙን አባይ ብሎታል፤ ተከዜ ማለቱ እንደሆነ ግልጽ ነው።

እስከ ጉልበት? የእኔ ግምት ይህ ነው። ንጉሥ ድሉን ሲያስቀርጽ የተሸነፈው አገር አስቸጋሪ ቢመስልለት ይወዳል። ግን በረዶውን ከአየር አልፈጠረውም። ሠራዊቱ ውስጥ በዓይኑ ያየ ሰው ነበር። በክረምት ወጥተው ከሆነ ደግሞ ጠጠር በረዶና አመዳይ ተደራርቦ፣ ንፋስ ጠርጎ ገደል ጥግ የከመረው ቦታ ጉልበት ሊደርስ ይችላል። ይህን ጽሑፍ ይዞ «ያኔ ሰሜን በግግር በረዶ ተሸፍኖ ነበር» የሚል ሰው ካጋጠመህ ግን አትቀበለው። ባለፉት ሁለት ሺህ ዓመታት የአየሩ ሙቀት ያን ያህል አልተለወጠም።

እውነተኛው የግግር በረዶ ዘመን በጣም የራቀ ነው። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን፣ በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ ዓመታት በፊት፣ የአፍሪካ ከፍተኛ ተራሮች ከዛሬው በብዙ ዲግሪ ይቀዘቅዙ ነበር። ያኔ የዜሮ መስመሩ ከራስ ደጀን ጫፍ በታች ወረደ። ሰሜን ላይ ትንንሽ የግግር በረዶ ምላሶች ተፈጠሩ። ባሌ ላይ ደግሞ ሳነቴ ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ትልቅ የበረዶ ሽፋን ተቀምጦበት ነበር። በረዶው ሲቀልጥ ማስረጃውን ትቶ ሄደ። ገፍቶ ያመጣው ድንጋይና አፈር ሸለቆ አፍ ላይ በግማሽ ክብ ተከምሮ ዛሬም ይታያል። የሚያውቅ ሰው ካሳየህ ትለየዋለህ፤ ድንጋዩ ትልቅና ትንሹ፣ ሹሉና ድቡልቡሉ ያለ ሥርዓት የተቀላቀለ ነው። ውሃ ቢሆን ኖሮ በመጠን በመጠኑ ለይቶ ያስቀምጠው ነበር።

ባሌን ካነሳሁ አይቀር፣ በዚያ ብርድ ዘመን ሰዎች እዚያ ይኖሩ ነበር። በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት ፊንጫ ሃበራ በሚባል ዋሻ፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ ከ30 ሺህ ዓመት በላይ የቆየ የሰው መኖሪያ አግኝቷል። ዋናው ምግባቸው ዛሬም ሳነቴ ላይ የሚቆፍረው ትልቁ ፍልፈል ነበር። ግግር በረዶ አጠገብ ቁጭ ብለው ፍልፈል ይጠብሱ ነበር ማለት ነው።

ወደ ሰሜን ልመልስህ። ተራራው ራሱ ከየት መጣ? ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በዚህ አገር መሬት ተሰንጥቆ ለማመን የሚከብድ መጠን ያለው ቅልጥ ዐለት ፈሰሰ። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ዋና አካል ያ ባዛልት ነው። በላዩ ላይ፣ ሰሜን ላይ፣ አንድ ግዙፍ ጋሻ መሰል እሳተ ገሞራ ተከመረ። ማዕከሉ ዛሬ ቅዱስ ያሬድ የሚባለው ተራራ አካባቢ ነው። አዎ፣ በዜማው አባት በቅዱስ ያሬድ ስም የተጠራው። በትውፊታችን ያሬድ ከአክሱም ወጥቶ የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በሰሜን ተራሮች ነው።

እሳተ ገሞራው ከሞተ በኋላ ሥራውን የያዘው ውሃ ነው። ወንዞቹ በመጨረሻ ተከዜ ይገባሉ፤ ተከዜ ደግሞ በጣም ዝቅ ብሎ ነው የሚፈሰው። ወንዝ የሚወርድበት ከፍታ ሲበዛ ጉልበቱም ይበዛል፤ ስለዚህ ዐለቱን ፈልፍሎ ከፈለው። ፎቶ ላይ የምታየው የሰሜኑ ገደል፣ ቦታ ቦታ ላይ 1,500 ሜትር ያህል የሚወርደው፣ የዚህ ውጤት ነው። ጠርዙ ላይ ቆመህ ማዶውን ገደል ብታይ ዐለቱ በንጣፍ በንጣፍ ተደርድሯል። እያንዳንዱ ንጣፍ አንድ ወይም ከዚያ በላይ ፍሳሽ ነው።

ይህ ገደል ለአየሩ ጠባይ ትልቅ ሚና አለው፤ ጉዟችሁንም በቀጥታ ይነካል። ጠዋት ቆላው ይሞቃል። የሞቀው አየር ግድግዳውን ተደግፎ ይወጣል። እየወጣ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ጉም ይሆናል። ጠዋት ጥርት ብሎ የነበረው እሜት ጎጎ የሚባለው የገደል ጫፍ እኩለ ቀን አካባቢ ከሥር በሚመጣ ጉም ይዋጣል። ከሰዓት በኋላ የደረሰ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ነጭ ግድግዳ ነው። ጥር ላይ ይህ ከክረምቱ ይቀላል፣ ጨርሶ ግን አይጠፋም። ስለዚህ ገደል የሚታይበት ቦታ ላይ በጠዋት ተገኙ፤ ከሰዓቱን ለእግር መንገድ ተዉት።

ሌላው ልዩነት በምዕራብና በምሥራቅ መካከል ነው። የክረምቱ እርጥብ ንፋስ በአብዛኛው ከደቡብ ምዕራብ በኩል ይመጣል። ደባርቅና ሳንካበር ያሉበት ወገን ቀድሞ ይቀበለዋል። ንፋሱ ተራራውን ተሻግሮ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወርድ ዝናቡን ጥሎ ስለሚሄድ ምሥራቁ ደረቅ ይሆናል። ቧሂት ተራራን አልፋችሁ ወደ መሸሃ ወንዝ ስትወርዱ ሣሩም አፈሩም እየተለወጠ ሲሄድ በዓይናችሁ ታያላችሁ።

እዚህ አገር የወቅት ነገር እንደ አውሮፓ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ትልቁ የሙቀት ልዩነት በበጋውና በክረምታቸው መካከል ነው። ሰሜን ላይ ግን በሞቃቱ ወርና በቀዝቃዛው ወር መካከል ያለው የአማካይ ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ትልቁ ልዩነት በቀንና በሌሊት መካከል ነው። ጥር ላይ ቀን ሰባት ሰዓት ላይ በቲሸርት ትሄዳለህ፤ ፊትህን ፀሐይ ያቃጥልሃል። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ደግሞ ድንኳን ውስጥ ያስቀመጥከው የሃይላንድ ውሃ አንገቱ ላይ በረዶ ይሠራል። እዚያ ያለ ሕይወት ሁሉ ይህን የየቀኑን መገለባበጥ መቻል አለበት።

ይህን ከሁሉ አጥርታ የምታሳይህ ጅብራ ናት። ከሩቅ ዘንባባ ትመስላለች። ረጅም ቅጠሎቿ ከግንዱ ጫፍ ላይ በክብ ይዘረጋሉ። ሁለት ጊዜ እያት፤ ቀን ስድስት ሰዓት ላይና ፀሐይ ሳትወጣ። ቀን ቅጠሎቹ ተከፍተው ፀሐይ ይሰበስባሉ። ሲመሽ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ መሃል ያለውን ለጋ ቡቃያ ይሸፍኑታል። የውጪዎቹ ቅጠሎች ውርጩን ይቀበላሉ፤ መሃሏ ግን ይተርፋል። ብዙ ዓመት እንዲህ ኖራ አንድ ቀን መሃሏ ያን ረጅም የአበባ ግንድ ታወጣለች፤ ከሰው ቁመት ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚሆን። አንድ ጊዜ አብባ፣ ዘሯን በትና ትሞታለች። እባካችሁ ለፎቶ ብላችሁ እንዳትሰብሯት፣ እንዳትደገፏትም።

መሬቱንም ጎንበስ ብለህ እየው። ጨነቅ ካምፕን አልፈህ ወደ ቧሂት ስትወጣ፣ ሣር ያልሸፈነው እርጥብ አፈር ፈልግ። ፀሐይ ሳትነካው በፊት የአፈሩ ቅርፊት ከፍ ብሎ ታገኘዋለህ። ቅርፊቱን በጣትህ ብታነሳው ከሥሩ መርፌ የሚያካክሉ የበረዶ ዘንጎች ቆመዋል፣ ጎን ለጎን፣ በመቶዎች። ሌሊት ከአፈሩ ውስጥ የተሳበው ውሃ ከላይ ሲቀዘቅዝ ነው የሚያድጉት፤ ሲያድጉ ጠጠሩን ጭምር ያነሱታል። ሦስት ሰዓት ላይ ይቀልጣሉ፤ አፈሩ ተመልሶ ይወድቃል። ግን ቁልቁለት ላይ ስለሆነ የሚወድቀው ከነበረበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። በዓመት ውስጥ ብዙ ሌሊት ይህ ሲደጋገም አፈሩ ቀስ በቀስ ይሸሻል። ሣሩ ተገልጦ ወይም በከብት ተረግጦ የተራቆተ ቦታ እንደገና እንዲያገግም ለምን እንደሚቸገር አሁን ገባህ። የበቀለው ቡቃያ ሥር ሳይሰድ ውርጩ ነቅሎ ይጥለዋል።

ስለ አዝመራው በአጭሩ። ከፍ እያልክ ስትሄድ ስንዴው ይቀራል፣ ባቄላው ይቀራል፤ በመጨረሻ ገብስ ብቻ ይቀራል። ከገብሱ በላይ የአስታ ቁጥቋጦ፣ ከአስታው በላይ ጓሳ ሣርና ጅብራ ነው። የደገኛው ገበሬ ውርጭ የሚለው ቀበሌ ይህ ነው። ጭላዳው፣ ዋልያውና ቀይ ቀበሮው የሚኖሩት በዚሁ ጠባብ ቀበቶ ነው፤ ወደ ላይ የሚሸሹበት ብዙ መሬት የላቸውም። ሰሜን በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ በ2017 ከዚያ ወጣ። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥር ላይ ስለምትሄዱ እሳትን ሳላነሳ አላልፍም። በጋው ሲገፋ ጓሳው ይደርቃል፣ ንፋሱም ይበረታል። በ2019፣ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፓርኩ ውስጥ የተነሳው እሳት ለቀናት ነደደ። ሕዝቡ ቅጠልና አካፋ ይዞ ወጣ። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ደግሞ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ቡድን መጥተው ረዱ። በገደላማ ቦታ እሳት ወደ ላይ ሲወጣ ይፈጥናል፤ ሰው ደግሞ በዚያ ከፍታ ሮጦ አይደርስበትም። ስለዚህ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ እሳት አታንድዱ። ሲጋራ የሚያጨስ ካለ ቁራጩን በጣሳ ይያዝ።

አሁን ለጉዞው። ደባርቅ 2,850 ሜትር ገደማ ነው። ሳንካበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ያህል ናቸው። ይህ ቅደም ተከተል ለሰውነታችሁ ጥሩ ነው፤ ዘላችሁ በመኪና በቀጥታ ጨነቅ አትደሩ። አየሩ ስስ ነው። ራስ ደጀን ጫፍ ላይ በአንድ ትንፋሽ የምታገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ከግማሽ ትንሽ ነው የሚበልጠው። አዲስ አበባ የምትኖሩ ትንሽ ለምዳችኋል፤ ከቆላ ወይም ከውጭ አገር በቀጥታ የመጣ ጓደኛ ካላችሁ ግን በእሱ ልክ ሂዱ። ወጣትነትና ስፖርተኝነት ከከፍታ ሕመም አያድኑም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ከመጣ ባላችሁበት ዕረፉ፤ ወደ ላይ አትቀጥሉ። ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ ያጠረው፣ የተምታታበት ወይም የሚንገዳገድ ሰው ካለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች አውርዱት። ይነጋል ብላችሁ አትጠብቁ።

ከጨነቅ ወደ ራስ ደጀን ያለው መንገድ ሰው የሚያስበው ዓይነት ቀጥ ያለ ዳገት አይደለም። መጀመሪያ ወደ ቧሂት፣ 4,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ወዳለው ማለፊያ ትወጣላችሁ። ከዚያ እስከ መሸሃ ወንዝ፣ ወደ 2,800 ሜትር ትወርዳላችሁ። እንደገና ወደ አምቢቆ 3,200 ሜትር፤ በማግስቱ ከአምቢቆ ወደ ጫፉ 1,350 ሜትር ዳገት። ጉልበት የሚበላው ይህ መውጣት መውረድ ነው። ከአምቢቆ ገና ሳይነጋ ተነሱ።

ስሊፒንግ ባግ ስትከራዩ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ የሚችል መሆኑን አረጋግጡ። አንድ ወፍራም ጃኬት ብቻ ከመያዝ ሦስት ስስ ልብስ ደራርቡ፤ ቀን ስትሞቁ እያወለቃችሁ፣ ሲመሽ እየደረባችሁ ትሄዳላችሁ። ጓንትና ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ ግዴታ ነው። ሰንስክሪንና መነጽር ደግሞ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ። አየሩ ስስ ስለሆነ የፀሐይዋ ጎጂ ጨረር ከታች ካለው ይበረታል፤ ቀዝቃዛ ንፋስ እየነፈሰባችሁ ሳታውቁት ትቃጠላላችሁ። ምግብን በተመለከተ፣ ጨነቅ ላይ ውሃ የሚፈላው 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ሻይና ሽሮ ችግር የለባቸውም፤ ምስርና ሽምብራ ግን ማገዶ ይጨርሱባችኋል። ከቤት ቀቅላችሁ ሂዱ ወይም ፕሬሸር ድስት ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ደባርቅ ያለውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ ስካውትም ሳትይዙ አትግቡ።

ጥር ላይ አመዳይ ታያላችሁ? የማይመስል ነገር ነው። የምታዩት ነጭ ውርጭ ነው፤ እሱም ፀሐይ ስትወጣ ይጠፋል። አመዳይ ለማየት የተሻለው ዕድል ሐምሌና ነሐሴ ነው። ያኔ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ነው፣ መሸሃም ሞልቶ ላያሻግር ይችላል።

አንድ ነገር ላስቸግራችሁ። ርካሽ ቴርሞሜትር ግዙ። ደባርቅ፣ ሳንካበር፣ ጨነቅና አምቢቆ ላይ ፀሐይ ልትወጣ ስትል ለኩት፣ ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ አድርጋችሁ። ጫፉ ላይም ስትደርሱ እንዲሁ፤ ሰዓቱንም ጻፉ። አምቢቆ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ ሌሊት ቀዝቃዛ አየር ተንሸራቶ ይጠራቀምበታል። ስለዚህ ከጨነቅ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ሳለ ጠዋት ላይ የጠበቃችሁትን ያህል ላይሞቅ ይችላል። ቁጥሮቹን ይዛችሁ ስትመለሱ ላኩልኝ፤ በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ከሚለው ስሌት ጋር አብረን እናስተያያቸዋለን።